የሦስተኛው ረድፍ ልክ

ደግሞ ሳቀች፣ አሁን ምን የሚያስቅ ነገር አለ፣ ጨርቅ ሲዘረጋ ምን ያስቃል፣ ለእሷ ግን ሁሉም ነገር ያስቃል፣ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው፣ አባዬ ነው ያወጣላት፣ በመጣችበት ቀን፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሳቂታዬ አላት፣ ስም ለማውጣት እንዴት ይፈጥናል፣ እኔን ልኬ ለማለት ስንት ዓመት ፈጅቶበታል።

ጠመኔው በልኬ እጅ ውስጥ ላብ ጠጥቷል።

ወጠር አድርጊው ልኬ፣ ይላል አባቷ ከጠረጴዛው ማዶ፣ መቀሱን በጨርቅ እየወለወለ። ሳቂታ የጨርቁን አንዱን ጫፍ ይዛለች፣ ልኬ ሌላውን፣ በመካከላቸው ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ቡናማ ጨርቅ፣ ለነጯ መኪና፣ ለሃይብሪዷ፣ ለአምስት ወንበር። አምስት ብቻ። አባዬ፣ እማዬ፣ መንታዎቹ፣ እኔ። ቁጥሩ ራሱ እንዴት ያምራል፣ አምስት፣ እንደ እጅ ጣት፣ ስድስት ጣት ያለው ሰው አለ እንዴ፣ አለ፣ ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው አለው፣ ግን እሱ ሌላ ነው።

ሱቁ የመኪና ወንበር ልብስ መስፊያ ነው፣ ጥግ ላይ የስፖንጅ ክምር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ የወንበር ቅርጾች፣ ከካርቶን የተቆረጡ፣ የሰው ጀርባ ይመስላሉ፣ ትንሽ ልጅ ሳለች ትፈራቸው ነበር። አባዬ በዚህ ሱቅ ውስጥ አንድ ሕግ አለው፣ ልብሱን ያልቆረጥኩለትን መኪና አልገዛም ይላል፣ ሰው ይስቅበታል፣ እሱ ግን አሮጌዋንም የገዛት እንደዚያ ነው፣ መጀመሪያ መቀስ፣ ከዚያ ስልክ፣ ምክንያቱም ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ ለሌላ መኪና አይሆንም፣ እና ሰው ልቡ እንዳይዋልል ይላል፣ እኔ ልቤ ስለሚዋልል መቀሱ ይወስንልኝ። ሻጩ እስከ ማታ እጠብቃለሁ ብሏል። መቀሱ አሁን ይገባል፣ አባዬ ይደውላል፣ ነጯን ያዝልኝ ይላል፣ አለቀ። ትምህርት ሲከፈት ሳቂታ ወደ አክስቷ ትመለሳለች። አለቀ፣ አለቀ። ታዲያ ለምንድን ነው ጠመኔውን ያላሳረፈችው።

አሮጌዋ መኪና በመስኮቱ ትታያለች፣ ቀለሟ መጀመሪያ ምን እንደነበረ ራሷም የረሳችው ትንሽዬ መኪና። ድሮ፣ ድሮ ማለት ከዚህ ዕረፍት በፊት ማለት ነው፣ አቀማመጡ የታወቀ ነበር፣ አባዬ መሪው ላይ፣ እማዬ ጋቢና፣ መንታዎቹ ዳርና ዳር በመስኮቱ በኩል፣ ልኬ መሃል። ሰው መሃል መቀመጥ አይወድም፣ እሷ ትወዳለች፣ ከመሃል ስፖኪዮው ይታያል፣ በስፖኪዮው ውስጥ የአባዬ ዓይን፣ መብራት ሲይዛቸው ይጠቅሳታል፣ አንዴ ብቻ፣ በግራ ዓይኑ፣ ማንም አያይም፣ እማዬም አታውቅም፣ የሁለታቸው ነበር። ከዚያ ሳቂታ መጣች፣ በመጀመሪያው ጉዞ ገና ዋናውን መንገድ ሳይይዙ አስመለሳት፣ መኪና ያዞራታል ተባለ፣ ጋቢና ትቀመጥ ተባለ፣ እማዬ ጋቢናዋን ለቃ ወደ ኋላ መጣች፣ እና ልኬ አንዱን መንታ ጭኗ ላይ ተሸከመች፣ የልጁ ጭንቅላት ስፖኪዮውን ጋረደው። ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው። የአባዬን ዓይን ጋረዱባት።

ከኋላ የሚታየው የሁለቱ ማጅራት ብቻ ሆነ። እና ማጅራታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ማጅራት ላይ ፀጉሩ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፣ የልኬ ወደየትም አይጠመዘዝም፣ በሁለት መስታወት አይታዋለች፣ በሩን ቆልፋ።

በአንድ ዓመት ትበልጣታለች። እስከዚያ ድረስ የቤቱ ትልቅ ልጅ ልኬ ነበረች፣ መንታዎቹን አጥቢ፣ በሩን ዝጊ፣ ትልቅ አይደለሽ፣ ስትባል የምታማርር፣ አሁን ሲወስዱባት ነው የጣፈጣት። አባዬ እማዬን ሳያገባ የወለዳት ልጅ እንዳለች ድሮም ይታወቃል፣ አልተደበቀም፣ እናቷ ለሥራ ባሕር ተሻግራ ቀረች፣ ልጅቷ ሌላ ከተማ አክስቷ ቤት አለች ይባል ነበር፣ ፎቶዋም ሳሎን ነበር፣ ግን ፎቶ ፎቶ ነው፣ ፎቶ አይስቅም፣ ፎቶ ጋቢና አይቀመጥም።

ልኬ፣ የት ነሽ፣ ጨርቁ እኮ ረገበ፣ ይላል አባዬ።

እዚህ ነኝ።

እዚህ ነኝ ትላለች እንጂ ያለችው ባለፈው ሳምንት ራት ላይ ነው። አባዬ ሳህኑን ገፋ አደረገና መኪና መቀየራችን ካልቀረ እንነጋገርበት አለ። ሁለት አይቻለሁ፣ ሁለቱም ከፍ ያሉ፣ የቤተሰብ ናቸው። ነጯ ሃይብሪድ ናት፣ በቤንዚንም በባትሪም ትሄዳለች፣ ማደያ ተሰልፌ መዋሉ ቀረልኝ ማለት ነው፣ ደንበኛ ሱቁ ተዘግቶ አግኝቶኝ ስንቴ ተመለሰ፣ ግን አምስት ሰው ነው የምትይዘው። ግራጫዋ በቤንዚን ብቻ ነው የምትሄደው፣ ጠጪ ናት፣ ግን ከኋላ ሦስተኛ ረድፍ አላት፣ ሰባት ሰው ትይዛለች። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ አውቶቡስም አይደርስበትም፣ ግራጫዋ ከሆነች ጠዋት ጠዋት ሁላችሁንም ጭኜ እወጣለሁ፣ ሳቂታም እዚሁ ትማራለች፣ ነጯ ከሆነች ግን አክስቷ ጋ ተመልሳ ትማርና በዕረፍት ትመጣለች፣ አይደል ሳቂታዬ። አዎ አባዬ፣ አለች ሳቂታ፣ ሳቀችም፣ ሁለቱም ያምራሉ አለች፣ መኪኖቹን ማለቷ ነው።

ልኬ እማዬን አየቻት። እማዬ ትከፋለች ብላ ነበር፣ መከፋት ያለባት እማዬ ናት፣ የሌላ ሴት ልጅ ጋቢናዋን ወስዳባታለች፣ እማዬ ግን መሃል ላይ ተጣብቄ መሄድ ሰልችቶኛል፣ ሰባቱን ግዛና ልረፍ አለች፣ አሁንም መኪናው ውስጥ ያለች ይመስል መንታዎቹን በክርኗ ገፋ እያደረገች። እማዬ ካልተከፋች ልኬ ብቻዋን መከፋቷ ምን ይባላል። ስም አለው፣ ታውቀዋለች፣ አትጠራውም።

እና ያ መካኒክ፣ ጎማ፣ ሆዱ ክብ ስለሆነ ጎማ ነው የሚባለው፣ ጋራዡ ከሱቁ አጠገብ ነው፣ በነጋታው ሁሉም ሱቅ ሳሉ ሳይጠሩት መጥቶ ያን ቀልዱን ወረወረ። ሃይብሪድ ማለት እኮ ወዳጄ ሁለት ሚስት ማለት ነው፣ አንዷ ስታኮርፍ በሌላዋ ትሄዳለህ፣ ሁለቱም ያኮረፉ ቀን ግን በእግርህ ነው። ማንም አልሳቀም። አባዬ መርፌ ፍለጋ ጀመረ፣ መርፌው እጁ ላይ ነው። ጎማ ምን እንዳለ ዘግይቶ ገባው፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆነ፣ ማለቴ አለ፣ ማለቴ የመኪናውን ነው። እዚያ ላይ ሳቂታ፣ በዚያ ዝምታ መሃል፣ እና ባትሪዋ የትኛዋ ናት ጋሼ አለችው። እማዬ ፈነዳች፣ ባትሪዋማ እኔ ነኝ፣ ድምፅ ሳላሰማ የምሠራው አለች፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ አባዬም ሳቀ፣ ጎማ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሞት ከነበረበት ቦታ የወጣ ይመስል። ልኬ ብቻ ክር ትጠቀልላለች። እማዬን እንደዚያ አስቄያት አላውቅም። ተወልጄ እስካሁን። እኔ ቀልድ ሳስብ ሰዉ ተበትኖ ቤቱ ይገባል፣ ቀልዱ በነጋታው ነው የሚመጣልኝ።

የሳቂታ ሹራብም አለ። ሰማያዊ፣ እጅጌው ረዘም ያለ። ልኬ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ማንም ሳይኖር ለበሰችው፣ ልክ ሆናት፣ ይሄ ነው ያናደዳት፣ ልክ ባይሆናት ይሻል ነበር።

ከዚያ የዛሬው ጠዋት። አቤት የዛሬው ጠዋት።

መኪና መሸጫው ግቢ ጠጠር የፈሰሰበት ነው፣ ሻጩ ቀጭን፣ ቁልፍ የሚያሽከረክር፣ አባዬን ነጯ ላይ አስቀመጠው፣ ይጫኑት አለ፣ አባዬ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነ፣ ምንም የለም፣ ደግሞ ተጫነ፣ ምንም፣ ይቺ ነገር ባትሪዋ ሞቷል አለ አባዬ፣ ሻጩ ኧረ አባባ ተነስታለች እኮ አለ፣ እርስዎ ነዎት መልሰው ያጠፏት። አባዬ ጆሮውን ዳሽቦርዱ ላይ አስጠጋ፣ እንደ ሐኪም። መንታዎቹ በሳቅ ጠጠሩ ላይ ተንከባለሉ። ነጯ ሳትናገር ሄደች፣ ልኬ ወደደቻት፣ ዝም የምትል መኪና፣ ዝም ብላ የምትሠራ፣ ሰው ሞታለች የሚላት፣ እኔን ነው የምትመስለው አለች በሆዷ። ግራጫዋ ደግሞ ስትነሳ ግቢው ሁሉ ሰማ፣ ያቺ ሳቂታን ትመስላለች።

አባዬ ወላወለ። ወደ ነጯ ሄደ፣ ወደ ግራጫዋ ተመለሰ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ሰው ለምን ጎማ እንደሚመታ አይገባትም። ከዚያ፣ ሁሉም ሲቆሙ፣ ዞር አለና፣ ልኬ ትንገረን አለ። ሳቂታ አላለም። ልኬ አለ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሰው እውነት ይቀመጣል ወይ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው፣ የእነዚህ መኪኖች ሦስተኛ ረድፍ አንዳንዱ ለስም ነው፣ ከመደገፊያው እስከ ፊተኛው ወንበር ጀርባ ለኪልኝ፣ ስልሳ ሳንቲ ካላለፈ ጉልበት አያስገባም፣ ያኔ ሰባት የምትባለውም አምስት ናት፣ ነጯን እንወስዳለን። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት። ደረቷ ሞቀ። ሳቂታዬ አንቺ ጫፉን ያዢላት፣ አለ ደግሞ። ቀዘቀዘ።

ገቡ። ሁለቱ ብቻ፣ ከኋላ፣ አዲስ ላስቲክ የሚሸት ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ ሳቂታ ጫፉን መደገፊያው ላይ ያዘች፣ ልኬ ሳበች፣ ወጠረች፣ ፊተኛው ወንበር ጀርባ ላይ አሳረፈችው፣ አውራ ጣቷ ቁጥሩ ላይ አረፈ። ሰባ ሁለት። ሰባ ሁለት እኮ ሰፊ ነው፣ አባዬ ራሱ ይቀመጥበታል፣ መንታዎቹ ይጨፍሩበታል። ሰባ ሁለት ማለት ሳቂታ ትቀራለች ማለት ነው፣ ጋቢናውም ማጅራቱም ሳቁም ይቀራሉ ማለት ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ፊት ለፊት፣ እኔ ሱቁ በር ላይ ስወርድ እነሱ ወደ ትምህርት ቤት፣ ስምንተኛን ጨርሼ የተውኩትን ትምህርት እሷ በሱ መኪና፣ በየቀኑ፣ ሲስቁ። ስንት ነው ልኬ፣ ጮኸ አባዬ ከውጭ። አፏ ተከፈተ። ሃምሳ ሁለት አለ አፏ።

አፏ ነው ያለው። ድምፁም አልተንቀጠቀጠም፣ ሌላ ቀን ሰላም ለማለት የሚንቀጠቀጥ ድምፅ።

እርግጠኛ ነሽ? አለ ሻጩ፣ አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ፣ ትናንት እኮ አንድ ወፍራም ሰውዬ ተቀምጦበት ነበር። አባዬ ከት ብሎ ሳቀ፣ ተቀምጦ ወጣ ወይስ አሁንም እዚያ ነው አለ። ከዚያ፣ ልጄ ከለካችው ተለካ፣ እኔ በሷ ላይ ደግሜ ለክቼ አላውቅም። ደግሜ ለክቼ አላውቅም። ይህን ነው ያለው። እውነቱን ነው፣ አንድ ጨርቅ አበላሽታ አታውቅም፣ ስሟ ከዚያ የመጣ ነው።

ሳቂታ ግን ቁጥሩን አይታለች።

ትከሻ ለትከሻ ነበሩ፣ ሜትሩ በአፍንጫዋ ሥር ነው ያለፈው፣ አንብባዋለች፣ ዓይኗ ከቁጥሩ ወደ ልኬ ወጣ፣ ከልኬ ወደ ቁጥሩ ወረደ። ያን ጊዜ አልሳቀችም። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ባዶ ሆነ፣ እንደ ፎቶው። ልኬ ጠበቀች፣ አሁን ትናገራለች፣ አባዬ ይቺ ልጅ ዋሸችህ ትላለች። ሳቂታ የሜትሩን ጫፍ ለቀቀች፣ ሜትሩ ረግቦ ልኬ ጭን ላይ ወደቀ፣ እሷም በበሩ ወርዳ፣ አባዬ ነጯ ትሻላለች አለች፣ ድምፅ የላትም፣ እኔንም አታዞረኝም ነበር።

ነበር አለች። ገና ሳይገዛ ነበር።

ለምን አልተናገረችም፣ ምን አስባ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ልኬ የምታላምጠው ይህንን ነው፣ መንገድ ላይ፣ አሮጌዋ ውስጥ፣ መንታው ጭኗ ላይ ሆኖ እየዘለለ፣ ሳቂታ ጋቢና ሆና ለአባዬ የነጯን ወረቀት ታነብለት ነበር፣ ባትሪው በፍሬን ይሞላል ይላል አባዬ፣ ስታቆም ነው የምታጠራቅመው፣ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፅ አውጥታ፣ እና ማጅራቷ አልተንቀሳቀሰም፣ ማጅራት ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። መያዣ ልታደርግብኝ ነው፣ አለች ልኬ በሆዷ፣ አንድ ቀን ታወጣዋለች። ወይም ለእማዬ ብቻ ትነግራለች። ወይም ትንቀኛለች፣ ንቃኛለች፣ አዎ፣ ይቺ ምስኪን ብላ ነው ዝም ያለችው፣ ከዚያ ደግሞ መናቋ ካልሆነስ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ነገር እንዳይሆን ፈራች።

መቀሱ ዶልዱሟል መሰለኝ፣ ይላል አባዬ፣ ጎማ ጋ ሞረድ አለ፣ ልኬ አንቺ ምልክቱን ጀምሪ፣ መጣሁ። ይወጣል። የበሩ መጋረጃ ከኋላው ይወዛወዛል።

አሁን ሁለቱ ብቻ። ጠረጴዛው፣ ጨርቁ፣ ዳርና ዳር ሁለት ልጆች።

ልኬ ጠመኔውን ታሳርፋለች፣ የሾፌር ወንበር፣ አንድ መስመር፣ መስመሩ ጠማማ ወጣ፣ በእጇ መዳፍ ታጠፋዋለች፣ እንደገና። ሳቂታ ጨርቁን ትከተላለች፣ ልኬ ስትገፋ ትስባለች፣ ስታቆም ታቆማለች፣ ሳይነገራት፣ በጥቂት ሳምንት ነው የለመደችው፣ ልኬ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ሁሉን ነገር ቶሎ ትለምዳለች። ጠዋት ሁሉ ከቤቱ ሰው ቀድማ ተነስታ ፍራሿን ታጥፋለች፣ ብርድ ልብሱን አራት ማዕዘን አድርጋ፣ ሰው ያላደረበት ይመስል፣ እማዬ ደግሞ ይኸው ተመልከቺ ልኬ፣ ሥርዓት ማለት ይሄ ነው ትላለች፣ ልኬ አንጀቷ ያርራል። ቦርሳዋም አልጋ ሥር እንደተዘጋ ነው፣ ከመጣች ጀምሮ፣ ልብሷን ከቦርሳው እያወጣች ለብሳ አጥባ መልሳ ቦርሳው ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ባዶ መደርደሪያ እያለላት። ልኬ በዚያ ቦርሳ ደስ ይላት ነበር፣ በየማታው ጎንበስ ብላ ታየዋለች፣ ዚፑ ተዘግቷል፣ ጥሩ፣ ልትሄድ ነው።

ልኬ፣ ትላለች ሳቂታ።

ምን።

ሰማያዊዋን ሹራብ ስሄድ ትቼልሽ እሄዳለሁ። ዓይንሽ አርፎባታል አይደል።

አልፈልግም።

ልክሽ ናት እኮ።

እንዴት አወቅሽ።

እጅጌውን አጥፈሽው ነበር፣ እኔ አላጥፈውም፣ ትላለች ሳቂታ፣ ትስቃለችም፣ ግን ሳቁ አጭር ነው፣ መሃሉ ላይ ይቆረጣል፣ ልኬ ሳቋን እንዲህ በቅርብ አይታው አታውቅም፣ ሲጀምር ዓይኗ አይስቅም፣ ዓይኗ ይጠብቃል፣ ሰዉ መሳቁን ያያል፣ ከዚያ ነው የሚስቀው። አክስቴ ቤት ሳሎን ነው የምተኛው፣ ትላለች ሳቂታ ወደ ጨርቁ፣ ሶፋው ላይ፣ እንግዳ ሲመጣ እስኪሄድ ኩሽና እቆያለሁ፣ አንዴ እንግዳው ሳይሄድ አደረ፣ እኔም ኩሽና አደርኩ። ይሄንንም እንደ ቀልድ ነው የምትናገረው። ልኬ መሳቅ ነበረባት ይሆናል፣ ቦታው ነበር፣ እሷ ግን የጠመኔውን ዱቄት ከጨርቁ ላይ ታራግፋለች።

ስለዚህ ነው ፍራሹ። ስለዚህ ነው ቦርሳው። ሥርዓት አይደለም፣ ሰው ተነሺ ሳይላት መነሳቷ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ እኔ ሶፋውን አልሠራሁትም፣ አክስቷን አላውቃት፣ እኔ አንድ ቁጥር ነው የተናገርኩት፣ ሰው ስንት ቁጥር ይሳሳታል። እና ደግሞ ሹራብ፣ ሹራብ ልትሰጠኝ፣ ዋሽቼባት ሹራብ ልትሰጠኝ፣ ይሄስ ምን ዓይነት ትዕቢት ነው፣ ብትሳደብ፣ ፀጉሬን ብትጎትት፣ አባዬ ፊት ብታዋርደኝ እችለዋለሁ፣ እጠላታለሁ፣ ይገላግለኛል፣ እሷ ግን ደግነቱንም ለራሷ ወሰደችው፣ ለኔ ክፋቱን ብቻ ትታ፣ ጋቢናውን ወሰደች፣ እማዬን ወሰደች፣ ትልቅነቱን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ጥሩ ልጅ መሆኑንም።

መጋረጃው ይገለጣል። አባዬ ነው፣ ጎማም ከኋላው፣ በሩን ሞልቶ።

እስቲ የመጀመሪያዋን መቀስ ልየው፣ ይላል ጎማ፣ ሁለት ሚስት አገባህ በለኛ። አንተ አፍህን አትዘጋም ይላል አባዬ፣ ግን ፊቱ ብሩህ ነው፣ መቀሱን በአየር ላይ ሁለቴ ይቆርጣል፣ ቅጭ ቅጭ፣ ከዚያ ይገለብጠውና እጀታውን ወደ ልኬ ይዘረጋል። ዛሬ አንቺ ጀምሪው ይላል። መኪናችን ናት፣ አንቺ የለካሻት።

የመጀመሪያውን መቀስ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ለእማዬም። ይህን ለመስማት ስንት ጊዜ ጠብቃለች፣ በየጨርቁ፣ በየመኪናው፣ ዛሬ ይሰጣት፣ ዛሬ ይሰጣት እያለች። ሰጣት። በግራ ዓይኑም ይጠቅሳታል፣ አንዴ፣ ያ ጥቅሻ፣ ስፖኪዮ ሳያስፈልገው፣ ተመለሰላት፣ ሁሉም ነገር ተመለሰላት፣ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ጣቶቿን ብትዘጋ የእሷ ነው።

መቀሱ ከባድ ነው። አፉ ጨርቁን ነክሶ ቆሟል።

ያልተለካ ጥቅሻ ነው። ማለትም ለሃምሳ ሁለት የተሰጠ ጥቅሻ ነው፣ ለሰባ ሁለቷ ልጅ አይደለም፣ እና አባዬ አያውቅም፣ መቼም አያውቅም፣ በስፖኪዮው በጠቀሳት ቁጥር እሷ ግን ታውቃለች። ሳቂታም ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው ላይ፣ ታውቃለች።

አባዬ።

እ።

ሜትሩ፣ ትላለች፣ ሜትሩ ተንሸራቶ ነበር መሰለኝ፣ ጠዋት። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ መጣ መንቀጥቀጡ።

ምን ማለት ነው ተንሸራቶ?

ሦስተኛው ረድፍ። ልኩ። ልክ አልነበረም።

አባዬ ያያታል። ጎማም ያያታል። መንገድ ላይ አንድ መኪና ክላክስ ያደርጋል። እና እዚህ ላይ፣ ልክ እዚህ ላይ፣ ሳቂታ ጨርቁን ትለቃለች፣ እኔ ነኝ አባዬ ትላለች፣ ጫፉን እኔ ነበርኩ የያዝኩት፣ ከእጄ ተንሸራቶ ነበር፣ እሷ ምን ታድርግ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ ትላለች፣ ሳቋም እየመጣ ነው፣ በአፏ ዳር፣ ዓይኗ ሳይስቅ፣ ሰዉ መሳቁን እየጠበቀ።

አይ።

አይ፣ ይሄንንስ አልሰጥም።

ይሄንንም ልትወስድ ነው፣ ጋቢናው አልበቃ ብሏት፣ ጥፋቴን፣ በገዛ አፌ ያጠፋሁትን፣ ከተወለድኩ አንድ ትልቅ ነገር ባደርግ ይሄ ነው፣ እሱንም የኔ ነው ልትል ነው፣ አባዬም ምንም አይደል ሳቂታዬ ይላታል፣ ራሷን ይዳብሳታል፣ እኔ ደግሞ እዚህ መቀስ ይዤ ቆሜ ንጹሕ ልጅ ልባል፣ አይሆንም፣ ሞቼ ነው።

የኔ ነው! ትላለች ልኬ፣ ድምፁ ሱቁን ይሞላዋል፣ ግራጫዋ መኪና እንደተነሳች፣ ጎማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ሜትሩ አልተንሸራተተም፣ እሷ ምንም አላጠፋችም፣ እኔ ነኝ፣ አይቼው ነው፣ አይቼው ነው ሌላ ቁጥር የጠራሁት፣ እንድትሄድ ብዬ፣ የኔ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

መቀሱ አሁንም ጨርቁን እንደነከሰ ነው። 

አባዬ መቀሱን ከእጇ ይወስዳል። በቀስታ፣ ጣት በጣት። በእውነተኛ ስሟ ይጠራታል፣ ልኬ ሳይሆን፣ በትምህርት ቤት ስሟ፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ፣ ይህ ከጥፊ ይብሳል፣ ማታ እንነጋገራለን ይላታል፣ እኔና አንቺ፣ እናትሽም። ሳቂታን አያያትም፣ ሳቂታን ለማየት ጊዜ ይወስድበታል፣ ጨርቁን ያያል፣ ካያት በኋላ ደግሞ ዓይኑ ሌላ ነው፣ እንግዳ ነገር ያየ ሰው ዓይን፣ የሳቂታን መሄድ እሱ ራሱ ራት ላይ፣ ነጯ ከሆነች ብሎ፣ አስቀድሞ ተናግሮት እንደነበር ገና አሁን የሰማ ይመስላል። አንቺስ አይተሽ ነበር? ይላታል። ሳቂታ አትስቅም። ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። ለምን አልነገርሽኝም? ቤቱ የሷ ነዋ፣ ትላለች፣ ቀስ ብላ።

ጎማ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔ ጋራዡን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት ይላል፣ ይወጣል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ሳይናገር።

ስንት ነው? ይላል አባዬ።

ልኬ የጠመኔውን መስመር በእጇ መዳፍ ታጠፋለች።

ልኩን ነው የምጠይቅሽ፣ ስንት ነው?

ሰባ ሁለት።

ሰባ ሁለት፣ ይላል አባዬ ለራሱ፣ ሰውዬውማ ተቀምጦበታል ማለት ነው፣ ያ ወፍራሙ። ከዚያ በግድግዳው በኩል ወዳለው የጠረጴዛው ጫፍ ይሄዳል፣ የጨርቁን ጥቅል በሁለት እጁ ይገፋዋል፣ ጥቅሉ ጠረጴዛው ላይ ዷ ዷ እያለ ይንከባለላል፣ ጨርቁ ይረዝማል፣ ከአምስት ወንበር ያልፋል፣ ጠረጴዛው ያልቅና በጫፉ ወደ መሬት መውረድ ይጀምራል፣ ሳቂታ ሮጣ ከመሬት ታነሳዋለች፣ ልኬ በወዲያ በኩል ትይዘዋለች። ቡናማ ከግራጫ ጋር ይሄዳል እንዴ፣ ይላል አባዬ ማንንም ሳያይ። ይሄዳል ትላለች ሳቂታ። አይሄድም ትላለች ልኬ። እኩል ነው የወጣው።

አባዬ ሁለቱንም ያያቸዋል፣ አይጠቅስም፣ ለማንም አይጠቅስም።

ወጥሩት፣ ይላል።

ይወጥራሉ። ልኬ ሜትሩን ታነሳለች፣ ጫፉን ለሳቂታ ትሰጣታለች፣ አታያትም፣ ጣቷ ላይ አስይዛት ትስባለች፣ ሰባ ሁለት፣ አውራ ጣቷ ቁጥሩ ላይ ያርፋል፣ ጠመኔው ነጭ መስመር ያወጣል፣ ቀጥ ያለ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ እዚያ ማን ይቀመጣል፣ እኔ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ ሁሉም ማጅራት ይታያል፣ የሁሉም፣ መንታዎቹም፣ እነሱም ፀጉራቸው ወዴት እንደሚጠመዘዝ እስካሁን አላየሁም፣ ሹራቡን ደግሞ አልወስድም፣ ወይም አንዳንድ ቀን ብቻ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ካስገባችው። ጋቢናው ግን አይሆንም፣ ጋቢናው የእማዬ ነው፣ ሳቂታን መኪና አዞራትም አላዞራትም፣ በሱ አንደራደርም፣ እሱን መኪናው ይምጣና እናያለን።